ሳልቀሰቅስዎት የቀረሁበት ዓርብ

ውድ ሜቭራው ኔል፣

ባለፈው ሰኞ ከሦስት ሳምንት ፈቃድ ተመልሼ የቤት ለቤት እንክብካቤ ቡድናችንን ዝርዝር ስልኬ ላይ ስከፍት ስምዎ አልነበረም። ከእኔ ተራ ከወጡ ስምንት ወር አልፏል፤ ቢሆንም ዝርዝሩ ለሁላችንም ስለሚታይ በየጠዋቱ ብስክሌቴ ላይ ከመውጣቴ በፊት ስምዎን ፈልጌ አይ ነበር። ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ስሎተርቫርት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እግር እንዳያብጥ የሚለበስ የድጋፍ ካልሲ። ሰኞ ዕለት በዚያ ሰዓት ላይ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገብተዋል። በእኔ ምትክ ይመጣልዎ የነበረውን ልጅ ብጠይቀው «እሷ? ሞታለች እኮ፤ ሦስት ሳምንት ሆናት» አለኝና ጓንቱን ማጥለቅ ቀጠለ።

እኔ በመርዶ ነገር ጠንቃቃ ነኝ ባይ ነበርኩ። የእርስዎ መርዶ ግን ቢሮ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ የዝናብ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ደረሰኝ። ማንም አልደገፈኝም፤ ማን ይደግፈኛል? ዘመድዎ አይደለሁ፣ ጎረቤትዎ አይደለሁ። ከዚያ ወጥቼ ለዘጠኝ ሰው ካልሲ አልብሼ ዋልኩ። መቃብርዎ ላይ ሄጄ ልናገር አስቤም ነበር፤ አስከሬንዎ ተቃጥሎ አመዱ ባሕር ላይ ተበትኗል አሉኝ። እንግዲህ የቀረኝ ወረቀት ነው።

በአማርኛ የምጽፍልዎ እንዳይገባዎ ብዬ አይደለም። በሆላንድኛ የጻፍኩት ሁሉ ሪፖርት ይሆንብኛል፤ ደንበኛዋ ቁርሳቸውን በልተዋል፣ ግራ እግራቸው ትንሽ አብጧል፣ እንዲህ እያልኩ ነው የምጨርሰው። ደግሞም የዋሸሁዎት በሆላንድኛ ነው፤ እውነቱን በሌላ ቋንቋ ልሞክረው።

የመጀመሪያውን ቀን ያስታውሱታል? አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ቢሮው ለሁሉም እንዲቀል ብሎ ባወጣልኝ ስም «ሜሪ ነኝ» አልኩዎት። እርስዎ እግርዎን ወደኋላ ሰበሰቡና «እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ማን ነው?» አሉኝ። ወርቅአፈራሁ ስልዎት ወረቀት አስመጥተው በላቲን ፊደል አስጻፉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከካልሲው ጋር ስትታገሉ፣ ማለቴ እኔ ከካልሲው እርስዎ ከስሜ ጋር ስንታገል ከረምንና አንድ ጠዋት ሙሉውን ጠሩኝ። በዚህ አገር በኖርኩባቸው አሥራ ስድስት ዓመታት ስሜን ሙሉውን የጠራኝ ሆላንዳዊ እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎም በምላሹ «ኔል ብቻ በይኝ» አሉኝ፤ እናቴን በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ስሙን ባዶውን ልጠራ አፌ እምቢ አለኝ፤ እኛ ወይዘሮ ብለን ስም እንደምናስከትለው ሜቭራው ኔል አልኩዎት። ሳያት የምትባለው ልጄ ስትሰማኝ በሳቅ ሞተች፤ ሜቭራው የሚባለው ከአባት ስም ጋር እንጂ ከራስ ስም ጋር አይደለም አለችኝ። እርስዎ ግን ወደዱት፤ እስከ መጨረሻውም እንደዚያው ቀረ።

ስሜ ላይ ለምን እንደዚያ እንደጸኑ የገባኝ በአራተኛው ክረምት ነው። ሰው እግሩ ስር ተንበርክኮ ጥብቅ ካልሲ ሲያስገባለት ፊት ለፊት አይተያይም፤ እርስዎም የልጅነት ታሪክዎን የነገሩኝ ለአናቴ ነበር ማለት ይቻላል።

ጀርመኖች ሮተርዳምን በቦምብ ደብድበው አገሩን ከያዙ በሦስተኛው ዓመት ነው። አባትዎ ወደብ ላይ ዕቃ ያራግፋሉ፣ እናትዎ ልብስ ያጥባሉ፣ እርስዎ ዘጠኝ ዓመትዎ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በብስክሌት የሦስት ዓመት ሕፃን አምጥታ ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዙልኝ ብላ ሄደች። ሕፃኗ አይሁድ ናት፤ ወላጆቿ ተይዘው ተወስደዋል፤ እሷም ከተገኘች ትወሰዳለች፣ ያስጠጋትም አብሮ። ሁለቱ ሳምንት ሁለት ዓመት ሆነ። ስሟ ሚርያም ነበር፤ ሚን ተባለች። አዲሱን ስም የማስለመድ ሥራ የተሰጠው ለእርስዎ ነው። በየጠዋቱ ስምሽ ማን ነው ይሏታል፣ ሚርያም ስትል እጇን ይቆነጥጧታል፣ ሚን ስትል ይስሟታል። «መቆንጠጥ ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቃት የሚመጣባት ከመቆንጠጥ የባሰ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉ ጣትዎ ወንበሩን ይቆነጥጥ ነበር።

ለእርስዎ ደግሞ አባትዎ አንድ ንግግር አስጠኑዎት። ማንም በሩን ቢያንኳኳ፣ በዚህ ቤት ከእኔና ከአጎቴ ልጅ በቀር ሕፃን የለም፣ የአጎቴ ቤት በቦምብ ፈርሷል። ሲተኙ ያስደግሙዎታል፣ ሲነሱ ያስደግሙዎታል። አንድ ቀን ፖሊሶች መጥተው ያንን ብለው መለሷቸው፤ ልጅቷ ተረፈች። እኔ ታሪኩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ እግዚአብሔር ይስጥልዎ አልኩ። እርስዎ ግን ሌላውን እግርዎን አቀረቡልኝና ቀጠሉ።

ጦርነቱ ካበቃ በአራተኛው ወር፣ አባትዎ ወደብ፣ እናትዎ ልብስ ሊያደርሱ ወጥተው ሳለ በሩ ተንኳኳ። ፀጉሯ ገና ማደግ የጀመረ፣ የወንድ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ቤላ እባላለሁ አለች። የእህቷን ልጅ ነው የምትፈልገው፤ ከቤተሰቡ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ሚርያም ወጥ ቤት ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ እየተጫወተች ነበር፤ በሩ ላይ ሆነው ድምጿ ይሰማዎት ነበር። አሥራ አንድ ዓመትዎ ነው። ቀጥ ብለው ቆሙና የተለማመዱትን አሉ፤ በዚህ ቤት ከእኔና ከአጎቴ ልጅ በቀር ሕፃን የለም። ሴትየዋ አልተከራከረችም። የምትሄድበትን አገርና መርከቧ የሚነሳበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ምናልባት እናትሽ የሰማችው ነገር ካለ ስጪልኝ ብላ ደረጃውን ወረደች። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

«በሩ ላይ አፌ ራሱ ነው የተናገረው። ምድጃውን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ» አሉኝ።

ማንም አላወቀም። ፈላጊ ዘመድ አልተገኘም ተባለና ሚርያም እናንተው ዘንድ አደገች። አባትዎ እስኪሞቱ ድረስ ለእንግዳ ሁሉ፣ አንድ ዘመድ እንኳ ቢመጣ ኖሮ እያለቀስንም ቢሆን እንሰጥ ነበር ይሉ ነበር፤ እርስዎም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ድንች ይልጡ ነበር። ሚርያም ዘ ሄግ ሄዳ አስተማሪ ሆነች፣ አገባች፣ ሩበን የሚባል ልጅ ወለደች፣ እሑድ እሑድ በአሥራ አንድ ሰዓት ስልክ ትደውልልዎታለች። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ከእርስዎ አፍ የሰማኋት ሕፃን ሆና ስለሆነ እሷ ማለቱ ለመደብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

በየዓመቱ በልደቷ ቀን ሊነግሯት ያስባሉ፤ በየዓመቱ ኬኩ ተቆርሶ ትሄዳለች። ያን ክረምት ግን ቆረጡ። መጋቢት ላይ ለልደቷ ስትመጣ ይነግሯታል። እኔ አልደገፍኩዎትም። ሴትየዋ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በሰላም ኖራለች፣ አሁን ምን ይሠራላታል አልኩ።

«አክስት እንደነበራት ማወቅ የእሷ ነው። የእኔ አይደለም» አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት። አልገባኝም ነበር እንዳልል ገብቶኛል።

ሚርያም የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ሆስፒታል ሞተች። ሩበን በስልኬ መልእክት ላከልኝ። የእኔን ስልክ ከየት እንዳገኘ በኋላ እመለስበታለሁ፤ መቼም ወደዚያ ለመድረስ እየፈራሁ መሆኔን ሳያውቁ አይቀሩም። ቀብሩ ሰኞ በአምስት ሰዓት ነው፣ ኔል መምጣት ትችላለች ወይ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠይቅዎት፣ አቅም የላቸውም፣ ፍቅራቸውን ልከዋል ብዬ መለስኩለት። በእርስዎ ስም ፍቅር ላክሁ፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት ለልደቷ የሚሆን ስጦታ የት እንደሚሸጥ ያስቡ ነበር።

እኔ የመጣሁበት አገር ሰው ሲሞት ዝም ብሎ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ ለታመመ፣ ከአገሩ ለራቀ ይደበቃል። ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ቤቱ ይኬዳል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው የሚነገረው። የራሴን እናት ሞት የሰማሁት በሰባተኛው ወር ነው። እህቴ ብርነሽ ስደውል ሁሉ፣ እማማ ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ትለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ዲመን ያለው ቤቴ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን አሥራ አንድ ሰው ጥቁር ለብሶ ደረጃው ላይ ተደርድሯል፣ ከፊት አቶ ብዙነህ ናቸው። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ራሴን ልጥል ስል ስድስት እጅ ያዘኝ። በዚያ ቀን ከአዘንኩት እኩል የተወደድኩ መስሎ ተሰማኝ፤ እስከ ዘንድሮ ድረስም ያንን ሰባት ወር ስጦታ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ለእርስዎም ይህንኑ ላደርግልዎ ነበር። አቶ ብዙነህን ባማክራቸው «ብቻዋን ላለች አሮጊትማ እንዲሁ አይነገርም፤ ሰው ይሰብሰብላት» አሉኝ። ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ውሻ ያላትን ጎረቤትዎን ብጠይቃት አዘነች፣ ግን እኮ ሟቿን አላውቃትም ብላ በሩን ዘጋች። ሮተርዳም ያለው የወንድምዎ ልጅ አጀንዳውን አይቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው እሑድ፣ ከሰዓት፣ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ እንደሚመቸው ነገረኝ። መርዶ በቀጠሮ ሲያዝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ተቀበልኩ። ከእኛ ሰዎች አምስት ሴቶች ለመንኩ፤ እርስዎን በዓይናቸው ያላዩ፣ አብረው ሊያለቅሱልዎ ቃል ገቡልኝ።

ልጄ ሳያት ስትሰማ ሹካዋን አስቀመጠች። «ማማ፣ ዳት ማኽ ኒት። አይፈቀድም። መዋሸት እኮ ነው» አለችኝ። የአያትሽን ቀን ረሳሽው ወይ አልኳት፣ ስንት ሰው እንደደገፈን። «አልረሳሁም። ሰባት ወር ሙሉ ለሞተች ሰው ጫማ ስንመርጥ ነበር» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ መንገደኛ ይዞላት የሄደውን ጫማ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። ሳህኖቹን ሰብስቤ ተነሳሁ።

እሑድ በአሥራ አንድ ሰዓት ስልኩ አልጮኸም። ሰኞ ጠየቁኝ፤ ትንሽ ደክሟት ልጇ ቤት አርፋለች፣ እዚያ ስልኩ አይሰማም አልኩ። የእህቴን ንግግር አንድ ቃል ሳልለውጥ ነው ያልኩት ማለት ይቻላል። እርስዎም፣ መናገር ባትችል ማንበብ ትችላለች፣ ጻፊልኝ አሉኝ፤ እጅዎ ስለሚንቀጠቀጥ።

ሦስት ጠዋት ጻፍን። የበሩን ነገር፣ የወንዱን ጫማ፣ ቤላ የሚለውን ስም፣ የመርከቡን ቀን፣ ምድጃውን። አንዳንድ ቦታ ላይ ያስቆሙኝና፣ እንደዚያ አይደለም፣ ራሴን ያሳመርኩ ይመስላል፣ ሰርዢው ይሉኛል። እኔ ለሞተች ሴት የሚጻፍ ደብዳቤ እየሰረዝኩ አስተካክላለሁ። አንዴ ብቻ እጄ ቆመብኝ፤ ይቅር በይኝ ልበል ወይስ መብት የለኝም ብለው ሲጠይቁኝ። ምን እንደመለስኩልዎት አላስታውስም። ሲያልቅ ቀኑን አስጻፉኝ፣ እየተንቀጠቀጡ ፈረሙ፣ ቴምብር አስለጠፉኝ። ፖስታ ቤት እንደምከተው ነግሬዎት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ፖስታ መጣ ወይ ይሉኝ ነበር።

መጣ። የወንድምዎ ልጅ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እናታችንን ስንቀብር አብራችሁን ለሆናችሁ ምስጋና የሚል ግራጫ ጠርዝ ያለው ካርድ መጣ። ይህ አገር ለሐዘንም ካርድ እንደሚልክ አውቅ ነበር፤ በፖስታ እንደሚቀድመኝ ግን አላሰብኩም። ሐሙስ ጠዋት ስገባ ወንበርዎ ላይ በባዶ እግርዎ ተቀምጠዋል፣ ካርዱ ጉልበትዎ ላይ፣ ማጉያ መነጽሩ ካርዱ ላይ።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?» አሉኝ።

በዚያው ቀን አልኩዎት።

«ሦስት ጠዋት ሙሉ ስነግርሽና ስትጽፊ ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አገሬን፣ ልማዱን፣ እናቴን፣ አሥራ አንዱን ሰው፣ የእሑዱን ቀጠሮ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቢቆጡ፣ ቢሮ ቢደውሉ፣ ካርዱን ፊቴ ላይ ቢወረውሩ ደስ ባለኝ። እርስዎ ግን መስኮቱን እያዩ በቀስታ ተናገሩ።

«እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ እንዳንቺው ነበርኩ። ለሰው የሚበጀውን ከባለቤቱ ይልቅ የማውቅ።»

ከዚያ እግርዎን ዘረጉልኝ። ካልሲውን አለበስኩዎት፤ ሁለቱንም። ስጨርስ «አመሰግናለሁ፣ ሜሪ» አሉኝ። በማግስቱ ከዝርዝሬ ወጡ። ለቢሮው ምንም አልነገሩብኝም፤ ሌላ ሰው ይላክልኝ ብቻ ነው ያሉት። ሁለት ጊዜ አበባ ይዤ በርዎ ድረስ መጥቻለሁ፤ ሠራተኞች ቁልፍ የምናወጣበት፣ በሩ ላይ ያለው ሳጥን ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ደወሉን ብጫንም አልከፈቱልኝም።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። እርስዎ ሞቷን ብቻ የደበቅኩ መስሎዎት ነው የሞቱት። እሱ ትንሹ ነው።

ሚርያም ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቤትዎ ስልክ ጮኸ። ካልሲዎን ለብሰው ወንበርዎ ላይ ሸለብ አድርጎዎት ነበር። አነሳሁት። ሩበን ነው። እናቴ እያለቀች ነው፣ ሐኪሞቹ እሑድን አታይም ይላሉ፣ ኔልን ማናገር ትፈልጋለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ አለኝ። ተኝተዋል አልኩ። ብትቀሰቅሻትስ አለ። ልባቸው ደካማ ነው፣ ቀስ ብዬ አዘጋጅቼ እኔው እደውላለሁ አልኩና የራሴን ቁጥር ሰጠሁት፤ ቤት እንዳይደውል። ከኋላው የሚያጓራ እስትንፋስ ይሰማኝ ነበር። የእሷ ነበር።

እኛ ሰውን ወደ ክፉ ወሬ የምናወርደው በደረጃ ነው፤ ዓርብ ጉንፋን ይዟታል፣ ቅዳሜ ትኩሳት አላት፣ እሑድ ሆስፒታል ገብታለች። እንደዚያ ነበር ሐሳቤ። ከወንበርዎ እስከ ስልኩ ስድስት እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ሲነቁ ማን ነው የደወለው አሉኝ፤ ከቢሮ ነው አልኩዎት። ጉንፋን ይዟታል ማለቱን እንኳ ለነገ አሳደርኩት።

ይህን ሐሙስ ዕለት ልነግርዎት አፌ ላይ ነበር። ሜሪ ሲሉኝ ተዋጠ።

ሞትዎን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ዘ ሄግ ሄድኩ። ደብዳቤዎን በእጄ ለሩበን ልሰጥ ነበር። አድራሻው ፖስታው ላይ አለ፣ የሚርያም ቤት። እሱ ነው የከፈተልኝ፤ ስድሳ የሚጠጋው፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው፣ ቤቱን ሊሸጥ ዕቃ በካርቶን እየሞላ ነበር። ድምፄን ከስልኩ አወቀው። ሻይ አፈላልኝ፣ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ስለ እርስዎ ሞት ካወራን በኋላ ስኒውን እያዞረ የነገረኝን ልንገርዎት። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ከጦርነቱ በኋላ እሷን ፈልጎ የመጣ ሰው ነበር ወይ? ላሳደጓት ሰዎች ምስጋና ቢስ እንዳትመስል ፈርታ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ያን ዓርብ ግን፣ ከዚያ ቤት የቀረችው ኔል ብቻ ናት፣ እሷ ታውቃለች፣ ደውልልኝ አለችው። ለመጠየቅ ነበር፣ ሜቭራው ኔል። እርስዎ ሊነግሯት፣ እሷ ልትጠይቅዎት፣ ሁለታችሁም በአንድ ጠዋት።

«ቅዳሜ ማታ ‹በቃ ማንም አልመጣም› አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ኔል ስለዚህ ለአንቺ ያለችሽ ነገር ነበር? የተወችው ነገርስ አለ?»

ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው። እጄ ቦርሳው ላይ ነው። ደብዳቤው ላይ እናቱ ከሞተች በኋላ ያለ ቀን አለ፣ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ባነበበው ቅጽበት ማን እንደነበርኩ ያውቃል።

«የለም» አልኩት።

አፌ ራሱ ተናገረ። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ሐሳብም የለበትም፣ የተለማመደ አፍ ብቻ ነው። ባቡር ውስጥ እስከ አምስተርዳም አለቀስኩ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ተማሪ መሐረብ ሰጠችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ዛሬ ጠዋት ከእርስዎ ደብዳቤ ጋር አንድ ገጽ በሆላንድኛ ጨመርኩ። ዓርብን፣ ሁለት ሰዓት ተኩልን፣ ስድስቱን እርምጃ፣ «የለም» ያልኩትንም ጻፍኩለት። ሳያት አረመችልኝ፤ ስታነብ አንዴም ቀና አላለችም። ሥራዬን ያሳጣኝ ይሆናል፤ ያሳጣኝ። ስሎተርቫርት ያለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ፣ ከእርስዎ ቤት ትይዩ ያለው ውስጥ፣ በእጄ ከተትኩት፤ አፌን ስለማላምነው። ምናልባት ሩበን የቤላን ዘሮች ይፈልግ ይሆናል፣ ምናልባትም ያገኛቸው ይሆናል። ለሁለታችሁ ግን አይደርስም። እሷ ማንም አልመጣም ብላ ሞታለች፣ እርስዎ ሳይናገሩ ሞተዋል። ይህን የሚጠግን ፖስታ የለም፤ ጥፋቴን በልማዴ ላይ ላሳብብም አልችልም፤ ልማዱ ለሐዘንተኛ ክንድ ይፈልጋል እንጂ ከሐዘንተኛው ላይ ስልክ አይነጥቅም።

በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የማንም ሰው እግር ይዤ ብሆን፣ እጄ ይቆማል። ያን ዓርብ ጠዋት ማለት የነበረብኝን ያኔ በልቤ እለዋለሁ። ትከሻዎን ነካ አድርጌ፣ እንዲህ ብቻ፤

ሜቭራው ኔል፣ ይነሱ። ሚርያም ስልክ ላይ ናት፤ የምትጠይቅዎት ነገር አላት።

እርስዎ ሙሉውን ይጠሯት የነበረች
ወርቅአፈራሁ
ዲመን፣ ኅዳር